ሬቸል ካርሰን፤ ባዮሎጂን የመረጠችው ጸሐፊ

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ ማይነር የምንመርጥበት ቅጽ ሲታደለን አብዛኞቻችን የሞላነው ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ቋንቋ። እኔ ባዮሎጂ ብዬ ጻፍኩ። ወሬው ላውንጅ ሲደርስ የተሳቀብኝ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ጋዜጠኛ እንቁራሪት ቀዶ ምን ሊያገኝ እንደሆነ የጠየቁኝም አልጠፉም። እኔ ግን የራሴ ምክንያት ነበረኝ። በሪፖርቲንግ ኮርስ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት አጭር ዜና እንድሠራ ታዝዤ አንድ ባለሙያ አነጋገርኩ። ባለሙያው በውሃው ውስጥ የተገኘው መርዝ ከሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔ ደብተሬ ላይ ሁለት ሚሊዮን ብዬ ጻፍኩና ዜናውንም እንደዚያው ሠራሁት። መምህራችን ወረቀቴን በቀይ እስክሪብቶ አስጊጠው መለሱልኝ። ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ስህተቱ አይደለም፤ ሳላስረክበው በፊት ያነበቡልኝ ሦስት ጓደኞቼ አንዳቸውም አለማየታቸው ነው። የፊደል ግድፈት ግን ሁለት አግኝተውልኛል።

ከዚያ በኋላ ነው የዚችን ሴት ታሪክ መከታተል የጀመርኩት። ሬቸል ካርሰን በአሜሪካ ሀገር የተወለደች፣ ጸሐፊ ልትሆን ኮሌጅ ገብታ በመሀል ባዮሎጂን የመረጠች፣ በመጨረሻም ሁለቱን ይዛ አንድ ሀገር ሙሉ ያነጋገረች ሰው ናት። ስሟን ሁላችንም በኢንቫይሮንመንታል ጆርናሊዝም ኮርስ ላይ በአንድ መስመር ሰምተነዋል። በአንድ መስመር የሚያልቅ ሰው ግን አይደለችም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

ሬቸል ሉዊዝ ካርሰን ሜይ 27 ቀን 1907 በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ከፒትስበርግ ከተማ ብዙ በማትርቅ ስፕሪንግዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። ቤታቸው ከአሌጌኒ ወንዝ አጠገብ፣ 26 ሄክታር ያህል በሆነ መሬት ላይ ነበር። ይህን ያህል መሬት ሲባል ሀብታም እንዳይመስላችሁ። አባቷ ኢንሹራንስ ለመሸጥ የሚንከራተቱ፣ ገንዘብ የማይበረክትላቸው ሰው ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ማሪያ ከጋብቻ በፊት መምህርት ነበሩ። በዚያ ዘመን ያገባች ሴት እንድታስተምር ስለማይፈቀድ ሥራቸውን ትተዋል። ስለዚህ የመምህርነት ጉልበታቸው ሁሉ በመጨረሻዋ ልጃቸው ላይ ዋለ። ሬቸልን ይዘው ጫካ ለጫካ ይዞሩ ነበር፤ የወፍ ስም፣ የአበባ ስም፣ የነፍሳት ስም ያስጠኗታል። ባሕር ከስፕሪንግዴል በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ይርቃል። ልጅቱ ግን አንድም ቀን ያላየችውን ባሕር ከመጻሕፍት ብቻ እየቃረመች ወደደችው።

መጻፍ የጀመረችው ገና በልጅነቷ ነው። በ1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ፣ ወንድሟ ከጦሩ አየር ክፍል የላከውን ደብዳቤ መነሻ አድርጋ ስለ አንድ አብራሪ የጻፈችው ታሪክ ሴንት ኒኮላስ በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ ወጣላት። ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። እኛ ጽሑፋችን በዚህ ቡለቲን ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደምንኩራራ የምናውቅ ሰዎች የልጅቷን ደስታ ለመገመት አይከብደንም።

በ1925 ፒትስበርግ ከተማ ወደሚገኘው የፔንሲልቫኒያ የሴቶች ኮሌጅ ገባች። ዛሬ ኮሌጁ ቻተም ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የመረጠችው የትምህርት ዘርፍ እንግሊዝኛ ነው፤ ዓላማዋ ጸሐፊ መሆን ነበርና። ኮሌጁ ስኮላርሺፕ ቢሰጣትም አልበቃም። እናቷ ዶሮ ሸጡ፣ ተጨማሪ የፒያኖ ተማሪ ያዙ፣ የቤታቸውን የሸክላ ዕቃ ሳይቀር አውጥተው ሸጡ። ቅዳሜና እሑድ እየመጡም የልጃቸውን የቤት ሥራ በታይፕ ይመቱላት ነበር። ሬቸል ዝምተኛ ነበረች። ጭፈራውም ሽርሽሩም ብዙ አይስባትም፤ ልብስ የመቀያየሪያ አቅሙም አልነበራትም። የምትታወቀው በተማሪዎቹ ጋዜጣና በሥነ ጽሑፍ ዓምዱ ላይ በምታወጣቸው ጽሑፎች ነው። መምህራኖቿ ደራሲ እንደምትሆን እርግጠኞች ነበሩ።

እንግዲህ ኮሌጁ ማንኛዋም ተማሪ ቢያንስ የሳይንስ ኮርስ እንድትወስድ ያስገድድ ነበር። እኛም ፍሬሽማን ሳለን እንደዚህ ዓይነቱን ኮርስ እንዴት እንደምናየው ይታወቃል፤ ሲ አግኝቶ መገላገል። ሬቸል ግን ለግዴታ ብላ የገባችበት የባዮሎጂ ክፍል ሕይወቷን ቀየረው። ያስተማሯት ሚስ ሜሪ ስኮት ስኪንከር ናቸው። ጥብቅ፣ ግሬድ የማይረጩ፣ ግን ትምህርቱን ሕይወት የሚሰጡት መምህርት ነበሩ። በማይክሮስኮፕ ስር ያለችው ጠብታ ውሃ ያለ ዕረፍት የሚኖርባት ሀገር መሆኗን ያሳዩአቸዋል፤ አንዱ ፍጡር ከሌላው ጋር እንዴት እንደተያያዘም ያስረዱአቸዋል። ሬቸል በልጅነቷ ከእናቷ ጋር በጫካው ያየችው ሁሉ ሥርዓት ያለው መሆኑ የገባት እዚህ ነው።

ጃንዋሪ 1928፣ ሊመረቁ አንድ ዓመት ተኩል ሲቀራቸው፣ ሬቸል ዋና ትምህርቷን ከእንግሊዝኛ ወደ ባዮሎጂ ቀየረች። ይህ ውሳኔ ዛሬ ቀላል ሊመስል ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ለሴት በሳይንስ እንጀራ የለም ማለት ይቻላል። ከሴቶች ኮሌጅ መምህርነት በቀር የሚጠብቃት በር አልነበረም። የሚወዷት ሰዎች ሳይቀሩ ያልተለመደ ተሰጥኦዋን እንደምታባክን ነገሯት። እሷ ራሷም ቢሆን ከሁለት አንዱን መምረጥ እንዳለባትና ጽሑፍን እንደተሰናበተች ነው ያመነችው። በኋላ ሰዓት ስለዚህ ስትናገር ባዮሎጂ ያደረገላት ነገር ቢኖር የምትጽፍበትን ነገር መስጠት እንደሆነ ተናግራለች። ለእኔ ከታሪኳ ሁሉ ይህ ክፍል ይበልጥብኛል። ምክንያቱም እንዴት እንደሚጻፍ ለመማር ሦስት ዓመት ሙሉ ክፍል ስንቀመጥ፣ ስለ ምን እንደሚጻፍ ማንም እምብዛም አያነሳም።

ሚስ ስኪንከር በ1928 ዓ.ም. ኮሌጁን ለቀው ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ሬቸልም ተከትላቸው ልትሄድ ተቀባይነት አግኝታ ነበር፤ ገንዘብ አጥታ ቀረች። በ1929 በከፍተኛ ማዕረግ ስትመረቅ ለኮሌጁ ያልተከፈለ ዕዳም ነበረባት። በዚያው በጋ ግን ማሳቹሴትስ ውስጥ ዉድስ ሆል በሚባል ስፍራ ወደሚገኘው የባሕር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ለጥቂት ሳምንታት የመሄድ ዕድል አገኘች። በ22 ዓመቷ ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ ያየችው ያኔ ነው።

ከዚያ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ። ማስተርሷን በዙኦሎጂ የሠራችው በአምባዛ ፅንስ ኩላሊት አፈጣጠር ላይ ነው። የማስተርስ ርዕስ ነገር ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው መሰለኝ፤ ከአማካሪው በቀር የሚያነበው የለም። በ1932 ተመረቀች። ሆኖም ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበር። ቤተሰቧ ስፕሪንግዴልን ለቆ እሷ ዘንድ መጥቶ መኖር ጀምሯል። እሷ ላብራቶሪ ውስጥ እየረዳች፣ በትርፍ ሰዓት እያስተማረች ሁሉንም ታበላለች። የዶክትሬት ትምህርቷን በ1934 አቋረጠች። በ1935 አባቷ ሞቱ። በ1937 ደግሞ እህቷ ሁለት ሴቶች ልጆች ትታ አረፈች፤ ልጆቹን የማሳደጉ ነገር በሬቸልና በእናቷ ላይ ወደቀ። ይህን የምጽፈው ለሐዘኔታ ሳይሆን፣ ፒኤችዲ የላትም እየተባለ በኋላ የደረሰባትን ስድብ ስናይ ለምን እንዳልኖራት እንድናውቅ ነው።

ሥራ ፍለጋ የሄደችው ወደ መንግሥት የዓሣ ሀብት ቢሮ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ሚስተር ኤልመር ሂጊንስ በዚያን ወቅት አንድ ችግር ላይ ነበሩ። ቢሮው ስለ ባሕር ፍጥረታት በሬዲዮ የሚተላለፍ ተከታታይ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ ታዟል። 52 ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ 7 ደቂቃ። ባዮሎጂስቶቹ መጻፍ አይችሉም፤ ሲጽፉም አድማጭ ያስተኛሉ። ከውጭ የመጡት የሬዲዮ ጸሐፊዎች ደግሞ ስለ ዓሣ አንድም ነገር አያውቁም። ሁለቱንም የምትችል ሰው በበሩ ገባች። በሰባት ደቂቃ ውስጥ አንድ የሳይንስ ጉዳይ ለተራ አድማጭ ማስረዳት ምን ማለት እንደሆነ የሬዲዮ ፕሮዳክሽን ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ሬቸል ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሠራች፤ ከጥናቶቿ የተረፋትንም ለባልቲሞር ሰን ጋዜጣ በመጣጥፍ መልክ እየጻፈች ትሸጥ ነበር።

በ1936 የመንግሥት ሠራተኞች ፈተና ወስዳ በቋሚነት ተቀጠረች። በዚያ ቢሮ ሙሉ የሙያ ሥራ ከተሰጣቸው ሴቶች ሁለተኛዋ ነበረች። በዚህ ጊዜ አካባቢ የሆነ ነገር አለ፤ ደስ ስለሚለኝ አሳጥሬ አላልፈውም። ሚስተር ሂጊንስ ለአንድ የቢሮ ብሮሹር መግቢያ እንድትጽፍ አዘዟት። ጽፋ አመጣች። ኃላፊው አንብበው መለሱላት፤ ለመንግሥት ብሮሹር የሚሆን አይደለም፣ ሌላ ጻፊ፣ ይሄኛውን ግን አትላንቲክ ለተባለው መጽሔት ላኪው የሚል ነበር የሐሳባቸው ይዘት። አትላንቲክ በዚያ ሀገር ከታወቁት የሥነ ጽሑፍ መጽሔቶች አንዱ ነው። ጽሑፉን መሳቢያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አቆየችው፤ በመጨረሻ ላከች። ሴፕቴምበር 1937 ላይ አራት ገጽ ሆኖ ወጣ። እነዚያን አራት ገጾች ያነበቡ የአሳታሚ ድርጅት ሰዎች ደግሞ መጽሐፍ እንድትጽፍ ጠየቋት። እንዲህ ያለ አለቃ ይስጠን ብሎ ማለፍ ይሻላል።

የመጀመሪያ መጽሐፏ ስለ ባሕር ፍጥረታት ነው፤ አንዲት የባሕር ዳር ወፍ፣ አንድ ማከረል ዓሣና አንድ እባብ መሰል ዓሣ ዋና ገጸ ባሕርያት ናቸው። ኖቬምበር 1941 ታተመ። በወሩ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች፣ አሜሪካም ጦርነት ገባች። ማን ስለ ዓሣ ያንብብ? ከ2,000 ቅጂ በታች ተሸጦ ቀረ። ሬቸል ወደ ቢሮዋ ተመልሳ ሕዝቡ ያልለመዳቸውን የዓሣ ዓይነቶች እንዲመገብ የሚመክሩ ጽሑፎችን ስታዘጋጅ ጦርነቱን አሳለፈች። በ1949 የመሥሪያ ቤቱ የኅትመቶች ዋና አዘጋጅ ሆነች። ቀን የሌሎችን ጽሑፍ ታርማለች፣ ሌሊት የራሷን ትጽፋለች።

በ1951 የወጣው ሁለተኛው መጽሐፏ ስለ ውቅያኖሶች አፈጣጠርና ጠባይ የሚተርክ ነው። በኒው ዮርክ ታይምስ የምርጥ ሽያጭ ዝርዝር ላይ 86 ሳምንት ቆየ፤ በ1952ም የሀገሪቱን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ያ የሞተው የመጀመሪያ መጽሐፍም እንደገና ታትሞ ተቸበቸበ። አንዳንድ አንባብያን ይህን ያህል ሳይንስ ያወቀው ሰው ወንድ መሆን አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጇ ስለገባ በ1952 ሥራዋን ለቀቀች፤ ሜይን ግዛት ውስጥ ባሕር ዳር ትንሽ ቤት ሠራች። በ1955 ስለ ባሕር ጠረፍ ሦስተኛውን አሳተመች። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ የተፈጥሮ ጸሐፊ ነበረች ተብሎ ያልፋል።

አሁን ስለ ዲዲቲ ትንሽ መናገር ግድ ነው። ፖል ሙለር የተባለ የስዊዘርላንድ ኬሚስት ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው ያወቀው በ1939 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወታደሩንም የሲቪሉንም ቅማል ፈጅቶ ከታይፈስ አዳነ፤ የወባ ትንኝንም ገደለ። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ውለታው ውሸት አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዲዲቲ ከፋብሪካ ወደ ገበሬው፣ ወደ ጓሮው፣ ወደ መናፈሻው ጎረፈ። በአውሮፕላን በከተማና በደን ላይ ይረጭ ጀመር። ሬቸል ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ በ1945 ለሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ መጽሔቱ አልተቀበላትም።

በ1957 ከእህቷ ልጆች አንዷ ማርጆሪ ሞተች፣ የአምስት ዓመት ልጅ ትታ። ልጁ ሮጀር ይባላል። ሬቸል ያላገባች የ49 ዓመት ሴት ሆና ልጁን ወሰደች። በቤቷ በሽተኛ እናቷም አሉ። በ1958 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከማሳቹሴትስ ደብዳቤ መጣላት። ላኪዋ ወዳጇ ኦልጋ ኦውንስ ሃኪንስ ነበረች። ለትንኝ ማጥፊያ ተብሎ በአውሮፕላን የተረጨው ዲዲቲ በግቢዋ ያሉትን ወፎች እንደፈጀባት ለጋዜጣ ጽፋ ኖሮ ቅጂውን ለሬቸል ላከችላት። ሬቸል መጀመሪያ ሌላ ሰው እንዲጽፈው ነበር የሞከረችው፤ ኢ. ቢ. ኋይት ለተባለው ዝነኛ ጸሐፊ ሐሳቡን ብታቀርብለት ራስሽ ጻፊው የሚል ምክር መለሰላት። አንድ መጣጥፍ ይሆናል የተባለው ሥራ አራት ዓመት ፈጀ።

እንዴት ሠራችው? ለእኛ ዋናው ይሄ ይመስለኛል። በየዩኒቨርሲቲው፣ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ላሉ ተመራማሪዎች ደብዳቤ እየጻፈች ያልታተሙ ውጤቶችን ሳይቀር ሰበሰበች። የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቿ ረዷት። የጻፈችውን ምዕራፍ ለዘርፉ ባለሙያ ልካ ታሳርማለች። መጽሐፉ ሲታተም የመረጃ ምንጮቹ ዝርዝር ብቻ 55 ገጽ ሆነ።

ከመጽሐፉ ሁለት ታሪኮች ላንሳ። አንደኛው በካሊፎርኒያ የሚገኘው ክሊር ሌክ የተባለው ሐይቅ ነው። እዚያ የማይናደፍ፣ ግን ሰው የሚያስቸግር ትንኝ ነበር። እሱን ለማጥፋት በ1949፣ በ1954ና በ1957 የዲዲቲ ዘመድ የሆነ ዲዲዲ የተባለ ኬሚካል ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በውሃው ውስጥ የተገኘው ከሚሊዮን እጅ የአንድ እጅ ሁለት መቶኛ ብቻ ነበር። (አዎ፣ የእኔዋ ከሚሊዮን እጅ!) ይህን ያህል ኢምንት ነገር ማንን ይጎዳል? ኬሚካሉ ግን በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ነው የሚሟሟው፤ ቶሎም አይበሰብስም። በዓይን የማይታዩት ፕላንክተኖች ያጠራቅሙታል፤ ትንንሽ ዓሦች እነዚያን ይበላሉ፤ ትልልቅ ዓሦች ትንንሾቹን ይበላሉ፤ በመጨረሻ ዓሣ የሚበላው ጠላቂ የውሃ ወፍ አለ። የሞቱት ወፎች ስብ ሲመረመር ከሚሊዮን እጅ 1,600 እጅ ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡን በካልኩሌተር ሠራሁት፤ ከውሃው 80,000 እጥፍ ነው። ከሺህ ጥንድ በላይ የነበሩት ወፎች በ1960 ወደ 30 ጥንድ ወረዱ። እንግዲህ ሁለት ሚሊዮን ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ይህን ታሪክ ቢያገኝ ምን ያደርገው ነበር?

ሁለተኛው በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሆነው ነው። ኤልም የተባሉትን የግቢውን ዛፎች ከበሽታ ለማዳን ከ1954 ጀምሮ ዲዲቲ ተረጨባቸው። መጀመሪያ የደረሰ ነገር የለም። ቅጠሉ ረግፎ መሬት ላይ ወደቀ፤ የምድር ትል ቅጠሉን በላ፤ በሚቀጥለው ጸደይ ሮቢን የሚባሉት ደረተ ቀይ ወፎች ከስደት ተመልሰው ትሉን በሉ። ወፎቹ ግቢው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ወድቀው ይገኙ ጀመር። በግቢው የወፍ ተመራማሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆርጅ ዋላስ ነገሩን ደረጃ በደረጃ ተከታትለው መዘገቡት። የመጽሐፉ ስም ከዚህ ዓይነቱ ነገር ነው የመጣው፤ ወፍ የማይዘምርበት፣ ዝም ያለ ጸደይ። መጀመሪያ የወፎቹ ምዕራፍ ርዕስ ብቻ ሊሆን ታስቦ ነበር፤ ኋላ ለመጽሐፉ ሁሉ ተሰጠ። የእነሱ ጸደይ ለእኛ ስሜት እንዲሰጠን መስከረም ጠብቶ፣ አደይ ፈንድቶ አንዲት ወፍ እንኳ ሳትሰማ ማሰብ ነው።

ይህን ስትጽፍ ሬቸል እየሞተች ነበር። እናቷ በ1958 መጨረሻ ላይ አረፉ። በ1960 ጡቷ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሐኪሙ ግን እውነቱን አልነገራትም። ካንሰሩ መዛመቱን ያወቀችው ከወራት በኋላ፣ ሌላ ሐኪም አማክራ ነው። በጨረር ሕክምናው ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ተጨመረ፤ ዓይኗም ታሞ ለሳምንታት ማንበብ ስላልቻለች የጻፈችውን ረዳቷ ታነብላት ነበር። በሽታዋን ከጥቂት ሰዎች በቀር ለማንም አልተናገረችም። መጽሐፉ ስለ ኬሚካልና ካንሰርም የሚያወሳ በመሆኑ፣ ከታወቀ ተቺዎቿ በራሷ ሕመም ተነሳስታ ነው የጻፈችው እንዳይሏት ፈርታለች። ዝምታዋ ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብዬ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረናል፤ አልተስማማንም። እሱ አንባቢ የማወቅ መብት ነበረው ባይ ነው። እኔ ደግሞ 55 ገጽ ምንጭ ያቀረበ ሰው ሕመሙን የማቅረብ ግዴታ የለበትም እላለሁ።

ጁን 1962 ላይ ጽሑፉ በኒው ዮርከር መጽሔት በሦስት ተከታታይ ክፍል ወጣ፤ ሴፕቴምበር 27 መጽሐፉ ታተመ። ጫጫታው የጀመረው ገና ከመጽሔቱ ነው። ቬልሲኮል የተባለ የኬሚካል ድርጅት አሳታሚዋን እንደሚከስ አስፈራራ። ሞንሳንቶ በነፍሳት ስለተወረረች፣ ፀረ ተባይ ስለሌላት ሀገር የሚተርክ የፌዝ ጽሑፍ አሳትሞ አሰራጨ። የግል ጥቃቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ፒኤችዲ የላትም ተባለ፣ ያላገባች ሴት ስለ መጪው ትውልድ ምን አስጨነቃት ተባለ፣ ኮሚኒስት ናትም ተባለ። የሚገርመው ግን ቁጥሮቿን በቁጥር ለመርታት የደፈሩት ጥቂት መሆናቸው ነው።

ኤፕሪል 3 ቀን 1963 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ስለ ጉዳዩ የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አስተላለፈ። ከአምስቱ የማስታወቂያ ስፖንሰሮች ሦስቱ አስቀድመው ሸሽተዋል። በአንድ ወገን ነጭ ጋውን የለበሱት የኢንዱስትሪው ቃል አቀባይ ዶክተር ሮበርት ኋይት ስቲቨንስ፣ ያለ ኬሚካል የሰው ልጅ ወደ ጨለማ ዘመን እንደሚመለስ ያስጠነቅቃሉ። በሌላ ወገን ሬቸል ተቀምጣለች፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅ ሳታሰማ ማለት ይቻላል፣ አንድ በአንድ ታስረዳለች። ፀረ ተባይ ጨርሶ ይቅር አላለችም፤ ምን እንደሚያደርግ ሳይታወቅ በጅምላ አይረጭ ነው ያለችው። ያን ምሽት ተመልካቹ ጩኸት የሚያበዛው ማን እንደሆነ በዓይኑ አየ። በጨረሩ ምክንያት ፀጉሯ እንደረገፈ፣ ቆማ ለመሄድም እንደምትቸገር ግን አላወቀም።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎቻቸውን ጉዳዩን እንዲያጣሩ አዝዘው ነበር። ሜይ 15 ቀን 1963 የወጣው ሪፖርት በአብዛኛው እሷን የሚደግፍ ሆነ። ጁን ላይ በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርባ ምስክርነት ሰጠች። ከአሥር ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1964፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤቷ አረፈች። 56 ዓመቷ ነበር። ሮጀርን መጽሐፏን ያረመላት ኤዲተር ፖል ብሩክስ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ አሳደገው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1970 ተቋቋመ፤ መሥሪያ ቤቱም በ1972 ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል ከለከለ።

በእሷ ምክንያት ዲዲቲ ታግዶ አፍሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች በወባ አለቁ የሚል ክስ እስከ ዛሬ ይነሳባታል። እኛን ስለሚመለከት ዝም ብዬ አላልፈውም። የ1972ቱ ክልከላ በአሜሪካ እርሻ ላይ እንጂ በሌላው ዓለም የወባ መከላከል ላይ አልነበረም። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ለበሽታ አስተላላፊ ነፍሳት መከላከያ ዲዲቲን ፈቅዷል። በሀገራችን የወባ ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ግድግዳ ሲረጩ ለአሥርት ዓመታት የተጠቀሙት ይህንኑ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የቀረው ደግሞ ትንኟ ስለለመደችው ነው። ያለ ልክ ከተረጨ ነፍሳቱ እንደሚለምዱት፣ የወባ ትንኝንም ጨምሮ፣ ሬቸል በ1962 በመጽሐፏ ጽፋው ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ዓሦችና ወፎች ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መገኘቱንም ተመራማሪዎች አሳትመዋል። ያን ጥናት አውጥቼ አየሁት፤ ሠንጠረዡ ላይ ስደርስ ግማሹ አልገባኝም።

ቅጹ ተፈርሞ ተመልሷል። የመጀመሪያው ላብ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነጭ ጋውን ከአንዱ የባዮሎጂ ተማሪ ተውሻለሁ፣ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል።